ሮዳጅ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ

አዲስ መኪና ሮዳጅ እንዳለው ማን የማያውቅ አለ? ድምፅ ማጉያም ሮዳጅ እንዳለው የነገረኝ ግን ባለቤቴ ሰይድ ነው። ከኦምዱርማን ገበያ ቴፕና ሁለት ማጉያ ይዞ አል-ሳሃፋ ሰፈር ወዳለው ቤታችን በገባ ዕለት፣ ማጉያው ለሳምንታት በዝግታ ካልተለማመደ፣ ቴፑም ቀድሞ ካልሞቀ ድምፁ እንደማይጠራ አስረዳኝ። በካርቱም ማሞቅ! ያም ሆኖ ሥርዓት ያለው ነገር እወዳለሁና ተስማማሁ።

ጎረቤታችን ሃጃ ነፊሳ ግን አልተስማሙም። ቀኑን ሙሉ የሚያንሾካሹክ ዘፈን ሰምተው እንደማያውቁ፣ ወይ ይዝፈን ወይ ይተኛ ሲሉ ባጥር በኩል አስታወቁ።

ሰይድ ያን ሁሉ የገዛው ለአንድ ካሴት ነበር። እናቱ ከደሴ ድምፃቸውን ቀድተው ልከውለታል። ያመጣችው ዐማራት ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው ዘይነባ፣ ቁጭ በይ ብንላት እምቢ ብላ ካሴቱን አስረክባን ሄደች። የሰይድ አባት መታመማቸውን ከሰማን ደግሞ ሰንብተናል። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ?

ሳምንታቱ አለፉ። አንድ ቀን አቧራው ይውጣለት አለ፤ ሌላ ቀን መብራቱ አላስተማመነውም። በመጨረሻ፣ «ሰይድ፣ ማጉያው ለምዷል» አልኩት።

«እኔ አልለመድኩም» አለ። «መርዶ ለብቻ አይሰማም።»

እውነቱን ነው። ዓርብ ከሰዓት ዘይነባንና ሃጃ ነፊሳን ጠራሁ፤ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ዘይነባ ያን ዕለት የቸኮለችው አውቶቡሱ እንዳያመልጣት መሆኑን ብትምልም ሰይድ አላመናትም። ሃጃ ማን እንደሞተ በጆሮዬ ጠየቁኝ። ገና አልታወቀም፣ ኢንሻላህ ማንም አልሞተም፣ አልኳቸው።

ካሴቱ ተከፈተ። እናቱ ሰላምታውን ከሰው እስከ ከብት አዳረሱት።

«አባትህ ተሽሎታል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ በመጨረሻ። «አንተ የላክኸው ካሴት ከደረሰን ሰንብቷል፤ አባትህ ክፉ ወሬ ብሰማስ ብሎ ፈርቶ፣ ባትሪው ፀሐይ ላይ ይሙቅ እያለ እስከ ዛሬ አላስከፈተንም። ይህንንም በጎረቤት ቴፕ ነው የምቀዳልህ። ለመሆኑ ደኅና ነህ ልጄ?»

ሰይድ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሃጃም ቋንቋውን ሳያውቁ አብረውት አለቀሱ።

ዕለቱን ባዶ ካሴት ፈልጎ መልስ ሊቀዳ ተቀመጠ። የመጀመሪያ ቃሉ፣ «አባዬ፣ አትፍራ፣ ሳይሞቅ ክፈተው» የሚል ነበር።

መልካም ምክር ነው። ምክሩን ለመስማት ግን አባቱ መጀመሪያ ካሴቱን መክፈት አለባቸው።