ሊቀ ግንበኛ ራይቾና የእናቴ ግድግዳ

ቤት አሳድሶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ሰው ያውቀዋል። ገና በሩን ሳይሻገር ቆም ይላል። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ ያደርግና ግድግዳውን እንደ ታመመ በሬ ከላይ እስከ ታች ያየዋል። ከዚያ በሐዘን ድምፅ፣ «ይሄንን ማነው የሠራላችሁ?» ይላል። ማንም ቢሠራው ለውጥ የለውም። ከእሱ በፊት የነበረ ግንበኛ ሁሉ ወይ ሰካራም ነው፣ ወይ ዕውር ነው፣ ወይ ከማዶ መንደር የመጣ ነው።

መንደራችን ስታራ ፕላኒና ተራራ ሥር ነው፤ የእኛው ሰው ደግሞ ራይቾ ይባላሉ። በልቤ ሊቀ ግንበኛ እላቸዋለሁ። ፊት ለፊት ጋሼ ራይቾ ነው የምላቸው፣ እሱንም ከስንት አንዴ፤ ቃል ከአፌ ቶሎ አይወጣልኝም። መጻፉም ያው ነው፣ ትምህርቱን በጊዜ ነው የተውኩት። ነገሩ ወዲህ ወዲያ ቢልብኝ አንባቢ ይለፈኝ። ቤቱን ከሸጥኩ ወዲህ እሳቸውና ያ ግድግዳ ከሐሳቤ አልወጣ ስላሉ ነው።

የጀመረው በአንድ በር ነው። ቤታችን ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት ነበር። የምንኖረው ላይ ነው፤ ታች ድሮ በጎች ያድሩበት ነበር። የእናቴ የኔዳ ጉልበት እምቢ ሲል የውጪው ደረጃ ያስፈራኝ ጀመር። በረዶ ሲይዘው ጤነኛውንም ይጥላል። እሷ አንድ ክረምት ወድቃ ዳሌዋ ለጥቂት ተርፏል። ስለዚህ የበጎቹን ቤት ሞቅ ያለ ክፍል ላደርግላት አሰብኩ፤ እስከ ቅዱስ ዲሚታር በዓል። በእኛ አገር ግንበኛ በዚያ ቀን መዶሻውን ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው በረዶ ነው፣ ሲሚንቶም አይዝም። ያኔ ካልደረሰ እናቴ ሌላ ክረምት በዚያ ደረጃ መውጣት መውረድ ነበረባት።

ሊቀ ግንበኛ በር ሊገጥሙ መጡ። በሩን እንኳ አላዩትም። ወንዙን የሚያየውን ግድግዳ በጣታቸው አንኳኩ።

«ይሄንን ማነው የሠራው?»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። እናቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ቀይ ቃሪያ ትጠብስ ነበር።

«አንተ ነሃ» አለች።

«እኔ?»

«አንተና አባትህ። ይሄ ልጅ የተወለደ ዓመት።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ግድግዳውን እንደ አዲስ አዩት።

«እንግዲያው ድንጋዩ ነው መጥፎው» አሉ። በማግስቱ አፈረሱት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በተራ ተናገር ብባል አልችልም። ጠዋት ቀኝ የነበረ መስኮት ማታ ግራ ይሆናል። የጭስ ማውጫው ወረደ፤ ለምን እንደወረደ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የተጠሩበት በር በጋውን ሙሉ የፖሙን ዛፍ ተደግፎ ቆመ፣ ዶሮዎቹም ከኋላው እንቁላል ጣሉበት። ስለ ሁሉም ሲጠየቁ «ትንሽ ነገር ናት» ነው መልሳቸው። አንድ ቀን አይብና አረቄ አቅርቤ፣ እንደምንም ደፍሬ፣ «ጋሼ ራይቾ፣ አሁን እያፈረስን ነው ወይስ እየሠራን?» አልኳቸው።

«ይሄን የሚጠይቅ ሰው ድንኳን ይከራይ» አሉኝ።

ግድግዳው ተሠራና አብጦ ፈረሰ። ደግመው ሠሩት፤ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ከሥሩ ውሃ ይሁን ሌላ፣ እንጃ። ሊቀ ግንበኛ ቱንቢያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ፣ «ጥላ ይፈልጋል» አሉ።

ይሄ በእኛ ዘንድ ቀልድም አይደለም፣ ቁም ነገርም አይደለም፤ መሃል ላይ ያለ ነገር ነው። የጥንት ግንበኛ እምቢ ያለ ግድግዳ ሲገጥመው የሰው ጥላ በክር ይለካና ክሩን ድንጋዩ መሃል ይቀብረዋል። ግድግዳው ይቆማል፤ ጥላው የተለካው ሰው ግን ክረምቱን አይወጣም ይባላል። መንደሩን ብትጠይቁ አንድም የሚያምን የለም። ቢሆንም ፖስተኛው ደብዳቤያችንን ከመንገድ ይወረውር ጀመር። ጎረቤታችን እትዬ ጊና ድስታችንን ለመመለስ ደመና እስኪመጣ ጠበቁ። መጥተውም ከአጥሩ አላለፉም።

«ራይቾ፣ ኪስህን ገልብጥልኝ። ክር ይዘሃል?»

«ላንቺማ አንድ ጥቅል ሙሉ ያስፈልጋል ጊና፣ ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

«ያንተስ? ባርኔጣህ ብቻ አንድ ቤት ያቆማል።»

እናቴ አልሳቀችም። ፀሐይ ካለ ከቤት መውጣት ተወች። ውሃ የምትቀዳው ሲዳምን ነው። እኔም ግቢውን ሳቋርጥ በአጥሩ ጥላ ሥር እሄድ ነበር፤ እያመንኩ ይሁን እየተጠነቀቅኩ ለራሴም ግራ ገባኝ።

በዓሉ ተቃረበ፣ ጣራው ላይ የመጀመሪያው ውርጭ ታየ። አንድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣች። እናቴ ደረጃውን በዳሌዋ እየተንፏቀቀች ወረደችና ለሦስተኛ ጊዜ ተጀምሮ መሃሉ ክፍት በሆነው ግድግዳ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች።

«ለካኝ ራይቾ።»

«ምን ትያለሽ?»

«እኔ ጨርሻለሁ። ልጁ ሞቅ ያለ ቤት ይፈልጋል።»

እኔ የሲሚንቶ ባልዲ ይዤ ነበር። ክፍሉ ለእሷ ነው ብዬ ነበርኮ የማስበው፤ እሷ ደግሞ ለእኔ ነው ብላለች። የነገሩ ውል ጠፋኝ። ባልዲውን አስቀምጬ ሄድኩና አጠገቧ ቆምኩ፤ የእኔ ጥላ በእሷ ላይ እንዲወድቅ። አስቤበት አይደለም፣ እግሬ ነው የሄደው።

ሊቀ ግንበኛ ሁለታችንን አፈራርቀው አዩን። ፊታቸው ቀላ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ላንቺ የሚሠራውን ክፍል አንቺን ገንብቼበት ልጨርሰው ነው? አንተስ ምን ትገተራለህ? ከፀሐዬ ላይ ውረዱልኝ። ሂዱ፣ ጊና ቤት ቃሪያ ላጡ።»

ሄድን፣ ላጥን። ሊመሽ ሲል ስንመለስ ግድግዳው ተዘግቷል። ግቢው ውስጥ ከእሳቸው በቀር ማንም አልነበረም። እናቴ በሰው ፈንታ አርደው ይሆናል ብላ አውራ ዶሮውን ፈለገች፤ አለ። ድመቷን ፈለገች፤ አለች።

«የማንን ለካህ?» አለቻቸው።

«ትንሽ ነገር ናት» አሉና ዕቃቸውን ሰበሰቡ።

የበዓሉ ዋዜማ እናቴ ታች፣ ምድጃው አጠገብ ተኛች። ግድግዳው ቆመ።

በዚያው ክረምት ሊቀ ግንበኛ አልጋ ያዙ። ትኩሳት የለም፣ ሳል የለም፣ ሐኪሙ ምንም አላገኘም። የባቄላ ሾርባ ይዤ ስጠይቃቸው የግንበኛ ማንኪያቸውን እጄ ላይ አስቀመጡና፣ «ያዘው፣ አደራ» አሉኝ። ምን እንደማደርገው ባላውቅም ይዤው ወጣሁ። እትዬ ጊናን አስጠርተው ይቅርታ ጠየቁ። ከሁሉ የከፋው ግን፣ የማዶው መንደር ግንበኛ ስለሠራው የቤተ ክርስቲያን አጥር ሲወራ፣ «ጥሩ አድርጎ ሠርቷል» አሉ። ያኔ መንደሩ በሙሉ እንደማይተርፉ ቆረጠ። እኛም እርጅና ነው ብለን አዘንን።

ክረምቱ አልፎ ሽመላዎቹ ሲመጡ ሊቀ ግንበኛ ከአልጋቸው ተነሱ። መጀመሪያ የመጡት እኛ ቤት ነው። «ማንኪያዬን» አሉኝ። ከዚያ ሲወጡ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር አይተው፣ «ይሄንን ማነው የሠራው?» አሉ። ድምፃቸው እስከ ወንዙ ተሰማ።

እናቴ በዚያ ክፍል ብዙ ክረምት ከረመች። የሞተችውም እዚያው፣ ወንዙን እያየች ነው። እኔ ቤቱን ሸጬ ከተማ ገባሁ። አሁን ያለሁበት ሕንፃ ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤቴ ሲያስነጥስ ይማርህ የምለው ከአልጋዬ ሆኜ ነው።

ዘንድሮ መጸው ላይ የቤቱ አዲስ ባለቤት ቬሴላ፣ «ፖሙ ደርሷል፣ ና ልቀም» አለችኝ። ስደርስ ሊቀ ግንበኛን አገኘኋቸው፤ ጎብጠዋል፣ ባርኔጣው ግን ያው ነው። የወንዙን ግድግዳ አፍርሰው ትልቅ መስታወት እንዲያስገቡላት ነው የጠራቻቸው። ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳችና፣ «ኧረ ምን ያህል ወፍራም ነው። ይሄንን ማነው የሠራው?» አለች።

«እኔ» አሉ። እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። «ይሄ አይነካም። ሌሎቹ ሦስቱ አሉልሽ፣ እነሱን አፍርሺ።»

እሷ ስቃ ገባች። እኔ ቅርጫቴን ይዤ ጠጋ አልኳቸው።

«ጋሼ ራይቾ፣ ውስጡ ያለው ክር የማን ነው?»

ወንዙን አዩ። «አልጋ የያዝኩት የትኛው ክረምት ነበር?» አሉ።

የጠፋኝ ውል ያኔ ተገኘ።

«ታዲያ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ታዲያ ለምን አልሞትክም ነው?» ከልባቸው ተናደዱ። «ክሩ ነዋ። ከሱቅ የተገዛ ክር ነበር። እስቲ እንደሱ ያለ ክር ማነው የሚሠራው?»

ፀሐይዋ ከኋላቸው ነበረች። ጥላቸው አጭር፣ ሰፊ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ መሬቱ ላይ ተኝቶ ጫፉ ግድግዳውን ነክቷል። ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ በላዩ ነበር። እኔ ግን ቅርጫቴን አቅፌ በጭቃው ዞርኩ፣ እንዳልረግጠው።