ቀጥ ብላ እንድትዋኝ የተወሰነባት የእንጨት አሳ

ለቡ ያለው ብሎካችን ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ ቢሆንም፣ አሳ እንዴት መዋኘት እንዳለበት ጠንካራ አቋም ያለው ኮሚቴ አለው። እግዜር ያቆይልን።

ጎረቤታችን ሲራክ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል የእንጨት አሳ ይጠርባል። መንጠቆ ያንጠለጥልባታል፤ እውነተኛው አሳ ምግብ መስሎት ይውጣታል። ሰብሳቢያችን አቶ አስረስ ግን ክፍሏን ለመኪናቸው ጎማ ማስቀመጫ ተመኝተዋታል። ፍትሕ ወዳድ ናቸውና፣ "በእንጨቷ አሳ አንድ እውነተኛ አሳ ያዝና ክፍሏ ያንተ ትሁን" አሉት። ኮሚቴውም ለግምገማ ውኃ በሞላ ሳፋ ዙሪያ ተሰየመ።

ሲራክ የእንጨት አሳዋን በክር ጎተታት። ከጀሪካን ተቆርጦ አፏ ሥር የተሰካው ከንፈሯ ውኃውን ሲመታ ወዲያ ወዲህ ተወላገደች።

"ሰክራለች እንዴ?" አሉ አቶ አስረስ።

"የቆሰለች እንድትመስል ነው፣ ጋሼ። ትልቁ አሳ የሚዘለው ደካማ ሲያይ ነው።"

"ከኛ ብሎክ ደካማ አይወጣም! ቀጥ ትበል።"

"እውነት ነው፣ አካሄዷ ሥነ ሥርዓት ይጎድለዋል" አሉ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ትሩፋት። እሳቸው አሳ የሚያውቁት ሎሚ ተጨምቆበት ነው።

ከንፈሯ በሙሉ ድምፅ ተነቀለ። እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ተጨበጨበ።

እሑድ ዝዋይ ወረድን። እስከ ቀትር አንድም አሳ ዝር አላለም። አቶ አስረስ ችግሩን ለዩት፦ "አሳዎቹ የግንዛቤ እጥረት አለባቸው።"

እሳቸው ጥላ ፍለጋ ሲሄዱ፣ ሲራክ ሌላ ከንፈር ከኪሱ አውጥቶ ሰካላት፤ ክሩ የሚታሰርበትን የአፍንጫዋን ሽቦም በፒንሳ ትንሽ ጎንበስ አደረገው። እየተወላገደች ብዙም ሳትርቅ፣ ክንድ የሚያህል አሳ ዋጣት።

አቶ አስረስ አሳውን ጥብስ አድርገው በሉ፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ ወሰኑ።

"በጠማማ አካሄድ የተያዘ አሳ አይቆጠርም። ቁልፉን አምጣ።"

ሲራክ ቁልፉን ሰጥቶ ዕቃውን ቤቱ አስገባ፤ በረንዳው ላይ ሲጠርብ ሰነበተ። ቅዳሜ ጠዋት "ለላቀ አመራር" የሚል የእንጨት ዋንጫ ይዞ በአቶ አስረስ በር ፊት በቀስታ አለፈ። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ።

"ለማን ነው እሱ?" አሉ አቶ አስረስ ከበራቸው ብቅ ብለው።

"ለማዶው ብሎክ ሰብሳቢ፣ ጋሼ።" ሁለት ደረጃ ወረደ፤ ቆም አለ፤ ደግሞ ወረደ።

"ቆይ እስቲ አንተ! ስም ተጽፎበታል?"

"ገና ነው። ስም የምቀርጸው እዚያች ክፍል ውስጥ ነበር" አለ፣ ዋንጫውን ወዲያ ወዲህ እያወላገደ።

ቁልፉ እዚያው ደረጃ ላይ ተመለሰለት። ዋንጫው ዛሬ የአቶ አስረስ ስም ተቀርጾበት ሳሎናቸውን አድምቆታል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያነሱታል። መንጠቆው ገና አልተሰማቸውም።