አንገት ላይ የተንጠለጠለ እንግሊዝኛ

ቤት ከመግባቴ በፊት ትንሽ ላውራ። ማኪያቶው በእኔ ነው፤ ብቻ አታቋርጡኝ። ምነው እንዲህ ተጣደፍክ ካላችሁኝ ምክንያት አለኝ፤ እደርስበታለሁ።

እኔ ደላላ ነኝ። እዚሁ ካዛንቺስ፣ የሚከራይ ቤት፣ የሚሸጥ መኪና፣ ሲገኝም ባዶ ቦታ። ሌላው በእጁ ይሠራል፣ በትከሻው ይሠራል፤ እኔ በአፌ። ፀሐይ ገብቶበት የማያውቀውን ክፍል «ቀዝቀዝ ያለ፣ ለጤና የሚስማማ» ብዬ አከራያለሁ። ጣሪያው የሚያፈሰውን ደግሞ... ተዉት፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው። እና እንዲህ ያለ ሰው ልጅ ሲወልድ ምን ይወልዳል? ሜላትን ወለድኩ። ጥርስ ሳታወጣ ወሬ ጀመረች።

ባለቤቴ ወይንሸት ግን ዝምተኛ ናት። ባንክ ቤት ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጮህባት ትውላለች፤ ማታ የምትፈልገው ጸጥታ ነው። ከየት ታመጣዋለች? እኔና ሜላት እኩል እንጀምራለን፣ አንዳችንም አንጨርስም። «አንድ ሬዲዮ መስሎኝ አገባሁ፣ ይኸው ሁለት ሆነብኝ» ትል ነበር ምስኪን።

ደግሞ ሜላት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ ቤት የምትገባ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ እትዬ ረዲያ ሱቅ ነው። እትዬ ረዲያ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ናቸው። ሜላት የስኳሩ ጆንያ ላይ ወጥታ ቁጭ ትልና የቀኑን ዜና ታሰማቸዋለች። ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ሱሪው ላይ ሸና፣ ሚስ ዛሬ ምን ጫማ አደረገች። ሚስ የምትላት አስተማሪዋን ነው። «ይቺ ልጅ ካልመጣች ሱቁ ይጨልምብኛል» ይሉኝ ነበር እትዬ ረዲያ።

እንግዲህ አንደኛ ክፍል ገባች። ትምህርት ቤቱ እዚሁ ካዛንቺስ ገባ ብሎ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ጥሩ ትምህርት ቤት ነው አሉን። እንዴት አወቃችሁ ስንል፣ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚወራው አሉን። እውነታቸውን ነው። በግቢው ዙሪያ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ብትፈልጉ የምታገኙት አጥሩ ላይ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ለእኛ ለወላጆች መሆኑ ነው።

ዓርብ ዓርብ አንድ ወረቀት ይመጣል። የሳምንቱ ትምህርትና የቤት ሥራ። የማን የቤት ሥራ? የልጅቷ እንዳትሉኝ ብቻ። ቅዳሜ እኔ ካርቶን ስቆርጥ፣ ወይንሸት ስትለጥፍ፣ ሜላት ደግሞ አጠገባችን ቆማ ስታዝዘን ነው የሚመሸው። አንዴ ባቄላ በጥጥ ላይ አብቅላችሁ አምጡ ተባለ። የእኛ ባቄላ እምቢ አለ። ጎረቤት ሄጄ የበቀለ ባቄላ ተደራድሬ አመጣሁ። ደላላ ነኝ አልኳችሁ እኮ።

ይሄ ሁሉ ደህና ነበር። ታርጋ እስኪመጣ ድረስ።

ታርጋ ማለት፣ መቼም ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ክር የገባበት አንድ ቁራጭ ካርቶን ነው። ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ «አማርኛ ተናግሬያለሁ» ተብሎ ተጽፎበታል። ታርጋ ያሉት ልጆቹ ናቸው። በክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው። አማርኛ ሲያወራ የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ ያጠልቃል። እንዴት ይገላገለዋል? ሌላ አማርኛ ሲያወራ የተገኘ ልጅ ይዞ ለእሱ ያጠልቅለታል። ባለ ታርጋው ቀኑን ሙሉ ጆሮውን አቁሞ ጓደኛ ሲያድን ይውላል ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጄን በሰው አታሳብቂ ብዬ አሳደግኩ፤ ይኸው አሁን ከፍዬ አስተማርኳት።

ዓርብ መጨረሻ ላይ ታርጋው ያለው ልጅ ይዞት ቤቱ ይገባል። ሰኞ ነው የሚመልሰው። ወሬኛ ልጅ ያለው ሰው ታርጋው ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋዋል? በመጀመሪያው ዓርብ ሜላት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች።

ወረቀቱን አነበብን። ታርጋው ቤት ውስጥም ይሠራል ይላል፣ ወላጆችም አብራችሁ ተጫወቱ፣ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ይነገር ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ በዚያው ወረቀት፣ የአማርኛ የቤት ሥራ፦ ከወላጆቻችሁ አንድ ተረት ሰምታችሁ ኑ። በምን ቋንቋ? ወይንሸት ሁለቴ አገላብጣ አየችው። ከጀርባው ባዶ ነው።

ማለቴ፣ የእኔ እንግሊዝኛ የለም አይባልም። አለ። ለፈረንጅ ቤት አከራያለሁ እኮ! ግን ያው የኪራይ እንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ውጪ አልሄደም። በቃ ለልጄ ስል ጀመርኩ። «ዋን ፎክስ። ኖ ሃውስ። ቺክን ሃቭ ሃውስ። ቱ ቤድሩም፣ ዋተር ታንከር። ፎክስ ካም። ፎክስ ሴይ፣ ሃው ማች? ቺክን ሴይ፣ ኖ ሬንት። ፎክስ ሴይ፣ ላስት ፕራይስ?» ሜላት አፏን ከፍታ ታየኛለች። ቀበሮዋ ዶሮዋን እንዳትበላ የሦስት ወር ቀብድ አስከፍዬ ተረቱን ጨረስኩት። ወይንሸት ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች።

እሁድ ከሰዓት አንድ ደንበኛ ደውሎ አናደደኝ፤ ስልኩ ላይ በአማርኛ አምባረቅኩበት። ዞር ስል ሜላት ከኋላዬ ቆማለች። ታርጋውን ከአንገቷ አውጥታ በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ ዘርግታለች። ዓይኗ እንዴት እንደሚያበራ! ተያዝክ ማለቷ ነው። እኔስ? የቤቱ አባወራ ታርጋ ላንጠለጥል? «ሂጂ ወዲያ፣ ይሄ የተማሪ ነው» ብዬ መልሼ እሷ ላይ አጠለቅኩት። ቀስ ብላ ክሩን አስተካክላ ሄደች።

ከሰኞ ጀምሮ ልጅቷ ዝም አለች።

መጀመሪያ ጉንፋን መሰለን። ጉሮሮዋን በባትሪ አየን፤ ደህና ነው። ምን ነካሽ ስንላት ትከሻዋን ትነቀንቃለች። ውሃ ስትፈልግ በጣቷ ማሳየት ጀመረች። አይስክሬም ልግዛልሽ ብዬ ይዣት ወጣሁ፤ የትኛውን ስላት አሁንም ጣት። ነገሩን በኋላ ነው የደረስንበት። ለካ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሚስ «ቤት ውስጥ አማርኛ ያወራ እጁን ያውጣ» ትላቸዋለች። ልጄ መዋሸት አታውቅም፤ እሱ ትምህርት የሚጀመረው ከፍ ሲሉ መሆን አለበት። እንግሊዝኛው ደግሞ ከ«ሜይ ጎ አውት» አላለፈም። ስለዚህ ሂሳቡን ሠራችው። ያላወራ አይያዝም።

ቤታችን እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ? ወይንሸት እንኳ፣ ያቺ ጸጥታ አምሯት የኖረች ሴት፣ ሬዲዮ መክፈት ጀመረች። እኔ ማታ ማታ የዋልኩበትን ሳወራ የሚያቋርጠኝ የለም፤ የሚያቋርጠው የሌለ ወሬ ደግሞ ሞቶ ነው የሚወለደው። ሰው እንዴት በገዛ ቤቱ የልጁ ድምፅ ይናፍቀዋል? እትዬ ረዲያ ሱቅ ዘግተው ቤት ድረስ መጡ። «አንተ፣ ይቺን ልጅ ምን አደረጋችኋት? መጣች፣ ስኳሩ ላይ ተቀመጠች፣ አየችኝ፣ ሄደች። ሐኪም አሳያችኋት?» አሉኝ። እንግሊዝኛ እየተማረች ነው አልኳቸው። «ታዲያ ሲሻላት ንገሩኝ» ብለው ወጡ።

ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሚስ በደስታ ተቀበለችኝ። ሜላት በጣም ተሻሽላለች፣ ዲሲፕሊኗ ግሩም ነው፣ ድሮ ትረብሽ ነበር አለችኝ። ልጄ አታወራም እኮ አልኳት። «አዎ!» አለችኝ እየሳቀች።

ከዚያ የወላጆች ቀን መጣ። ሱፌን ለበስኩ፣ ወይንሸት ፀጉሯን ተሠራች፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደረደርን። ዳይሬክተሩ በእንግሊዝኛ ረጅም ንግግር አደረገ። ከተናገረው የገባኝ ኔሽን የሚለው ነው፤ ሌሎቹም ወላጆች የገባቸው እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ እዚያ ሲደርስ ነው ያጨበጨቡት። ቀጥሎ ሽልማት። የአንደኛ ክፍል የወሩ ምርጥ እንግሊዝኛ ተናጋሪ፣ ወሩን ሙሉ አንድ ጊዜም ታርጋ ያላጠለቀች... ሜላት!

እንዴ! ጆሮዬን አላመንኩም። ወሩን ሙሉ ትንፍሽ ያላለች ልጅ ምርጥ ተናጋሪ? ሰዉ ያጨበጭባል። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እንዴት አስጠናሃት?» አለኝ።

ወጣች መድረክ ላይ። የወረቀት ሽልማት ሰጧት። ከዚያ ያንን ታርጋ አምጥተው አስያዟት። ተሸላሚ የሳምንቱ መጨረሻ የታርጋ ጠባቂ ነው ተባለ። ዳይሬክተሩ ማይኩን አፏ ላይ ደቀነና «ሴይ ሰምቲንግ» አላት። ጸጥ። «ሴይ ሰምቲንግ፣ ቤቢ!» ጸጥ። ግቢው ሙሉ ያያታል። ታርጋውን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ ዓይኗ ወንበሮቹ መሀል እኔን ይፈልጋል። አገኘችኝ።

አንጀቴን በላችው። ሳላስበው ብድግ አልኩ። «ሚጡዬ!» ብዬ ጮህኩ። «የፈለግሽውን ተናገሪ! በፈለግሽው ቋንቋ! ካልፈለግሽም ተይውና ነይ፣ እንሂድ!» ይህን ሁሉ በአማርኛ፣ በደላላ ድምፅ፣ ያለ ማይክ።

ሰዉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ዳይሬክተሩ መነጽሩን አወለቀ። ወይንሸት ኮቴን ይዛ ቁጭ በል ትለኛለች። ሜላት ከመድረክ ወረደች። በወንበሮቹ መሀል ቀጥ ብላ መጣች። ፊቴ ቆማ ታርጋውን በሁለት እጇ ዘረጋች። ያቺን እሁድ እንደያዘችው አድርጋ።

ጎንበስ አልኩላት። አጠለቀችልኝ። ክሩን አስተካከለችልኝ። ከዚያ በጆሮዬ፣ በዚያች በናፈቀችኝ ድምፅ፣ «አሁን ያንተ ነው። እኔ ላውራ?» አለችኝ።

ከትምህርት ቤቱ በር ጀመረች። ኧረ ስንቱን! የሚስ የጫማ ተረከዝ መሰበሩ፣ የአንዱ ልጅ ጥርስ ምሳ ዕቃው ውስጥ መውደቁ፣ ድመት ሽንት ቤት ገብታ መውለዷ። የወር ወሬ ነው የተጠራቀመው! መንገድ ስንሻገር እያወራች፣ ታክሲ ሲጮህብን እያወራች። እትዬ ረዲያ ሱቅ ስንደርስ ጆንያው ላይ ወጥታ ከመጀመሪያው እንደገና ጀመረች። እትዬ ረዲያ አልሐምዱሊላህ አሉ። በሕጉ መሠረት እኔ እዚያው ይዤ ታርጋውን መልሼ ላጠልቅላት እችል ነበር፤ በእያንዳንዷ ቃል። የትኛው እብድ ነው ያንን ወሬ የሚያቋርጥ?

ሰኞ ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠራኝ። ታርጋውን መልስ አለኝ። ሕጉ የእናንተ ነው፣ ሌላ አማርኛ ተናጋሪ እስክይዝ አላወልቅም አልኩት። ስለ ዲሲፕሊን፣ ስለ ዘመናዊ አስተዳደግ፣ ስለ ልጆች የወደፊት ዕድል ብዙ መከረኝ። በምን ቋንቋ መሰላችሁ? በጠራ አማርኛ! ለእሱ ላጠልቅለት ምን ቀረኝ? ግን አላደረግኩትም። ታርጋዬን ለማንም አልሰጥም። እኔ እስከያዝኩት ድረስ ክፍሉ ውስጥ ሌላ የለም፤ ሌላ እንዳይሠሩ ደግሞ ካርቶኑን የሚቆርጠው ያው ወላጅ ነው።

ችግሩ ሜላት ሕግ አክባሪ ናት። ታርጋ ያለው ሰው ቤት ውስጥ አማርኛ አያወራም። ስለዚህ ደጃፌ ላይ ይዛ ትጠብቀኛለች፣ አጠልቃለሁ። እሷ እስክትተኛ ታወራለች፤ እኔ ወይ ዝም፣ ወይ ቱ ቤድሩም። ወይንሸት ክሩ ሸካራ ነው ብላ በሐር ሪባን ቀየረችልኝ። ሬዲዮውንም ዘጋችው። ትናንት ራት ላይ ምን አለች መሰላችሁ? «ሰው ትምህርት ቤቱን ያማል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ የሚያመጣ ትምህርት ቤት አይቼ አላውቅም። ሁለተኛ ክፍልንም እዚያው ትቀጥል።» መልስ መስጠት ፈልጌ ነበር።

እና ለዚህ ነው ይዤ የማልለቃችሁ። ቀን ቀን እዚህ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። ደግሞ ስለ ዳይሬክተሩ መነጽር አንድ ነገር... ቆይ። ያቺ አስፋልቱን የምትሻገረው ቀይ ሹራብ አይታችኋታል? እጇ ላይ የታርጋው ሪባን አለ? አለ። ልትጠራኝ መጥታለች። ሂሳቡን ከፍያለሁ፣ ደህና... ጉድ ናይት። ጉድ ኔይበር። ዋተር ታንከር ሃቭ። ኖ ፕሮብሌም፣ ላስት ፕራይስ።