ለልጄ ጭራቅ ሳስመርጥ

እኛ እዚህ ዓረብ አገር በሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች አንዳችን ለአንዳችን መምረጥ እናውቃለን። ከአጅማን ወደ ዴራ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ አንዷ እጇን ብታሳያችሁ፣ ሳሙና ለበላው ቆዳ የሚሆነውን ቅባት ሳትጠይቃችሁ ትነግሯታላችሁ። የቱ ኤጀንሲ እንደሚሻል፣ የትኛዋ ማዳም እንደምትጮህ፣ የማንመርጠው የለም። ለቅባቱ እጅ ማየት ይበቃል። ለልብ የሚሆን ነገር ለመምረጥ ግን ባለልቡን ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ጉድ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው።

ልጄን ቤዛን በአምስት ዓመቷ ደብረ ብርሃን እህቴ ዘንድ ትቻት መጣሁ። አሁን አስራ ስድስት ሆኗታል። ስደውልላት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ «በርትተሽ አጥኚ» ስላት «እሺ» ትላለች፤ ኸላስ፣ ወሬያችን አለቀ። በቀደም እህቴ ደወለችና፣ «ይቺ ልጅሽ የጭራቅና የሙታን መጽሐፍ ላይ ተደፍታ ነው የምትውለው። ከጓደኞቿ ጋር ጠረጴዛ ከበው ዳይስ እየወረወሩ፣ አንዷ ጠንቋይ ነኝ፣ አንዷ ሌባ ነኝ ይላሉ። የምታየው ተከታታይ ፊልም ደግሞ ነውር የቀረው አይመስለኝም። ጸበል ብንወስዳትስ?» አለችኝ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ለካ ልጄ ከ«እሺ» ሌላ የምታወራው ነገር አላት።

ጨዋታውንም አውቀዋለሁ። የማዳም ልጅ ሪም፣ ሻርጃ በምሠራበት ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቿን ሰብስባ የምትጫወተው እሱን ነው። ሻይ የማቀርበው እኔ ነኝ። ዘንዶ ሲመጣባቸው እንኳ ሹግሌን፣ ሥራዬን፣ አላቋርጥም።

«ሪም፣ ለልጄ ከጨዋታውም ከጭራቅ መጽሐፉም ጥሩ ጥሩውን ምረጪልኝ» አልኳት።

«ምን ያስፈራታል? እሱን ሳላውቅ አልመርጥም።»

«ጨለማ። ውሻም ትፈራለች።»

«እሱማ የሕፃን ፍርሃት ነው። አሁንስ?»

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የጫማ ቁጥሯን ጠይቄያለሁ፣ ስንተኛ እንደወጣች ጠይቄያለሁ። የሚያስፈራትን ጠይቄያት አላውቅም።

ሪም በግምት አንድ ጨዋታ፣ ሁለት አስፈሪ መጽሐፍና አንድ ተከታታይ ፊልም ጻፈችልኝ። የፊልሙን የመጀመሪያ ክፍል ለምርመራ ያህል አየሁት። ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከአባቱ የማይተፋፈሩበት ቤት ነው። አማተብኩ። ካማተብኩ በኋላ ሁለተኛውን ክፍል ጨመርኩ፤ አትፍረዱብኝ፣ የእናትየዋ መጨረሻ አሳስቦኝ ነው። ወረቀቱንም ፎቶ አንስቼ ለቤዛ ላክሁላት።

በዚያው ቀን ቤዛ ራሷ ደወለች። ከዚያ በፊት ደውላልኝ አታውቅም።

«እማዬ፣ ይሄን ማን መረጠልሽ? ሁለቱን ስፈልጋቸው ነበር የከረምኩት።»

«እኔ ነኝ» ማለት ይቻል ነበር። ዐቢይ ጾም ስለነበር ውሸቱን ፈራሁት።

«የማዳም ልጅ» አልኳት።

«አጠገብሽ ናት? እስቲ ስጪያት።»

ሰጠኋት። እነሱ በእንግሊዝኛ ሲንጫጩና ሲስቁ እኔ የሦስት ሰው ልብስ ተኩሼ ጨረስኩ። የልጄ ሳቅ ወፈር ያለ እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። ሪም ስልኩን ስትመልስልኝ ተዘግቶ ነበር።

«እህ፣ ምን ያስፈራታል?» አልኳት።

«ነግራኛለች። ግን ለማንም እንዳልናገር አደራ ብላኛለች።»

አልተቀየምኳትም። ሪም አደራ አትበላም፤ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።