የጋራ ኮምፒውተራችን ለምን ይንቀራፈፋል?

ይህን ነገር ማውራት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ገና ከመጀመሬ በፊት ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የማኅበራችንን ገመና አደባባይ ማውጣት ሐሳቤ አልነበረም። ደግሞ እኔ ራሴ የማኅበሩ ፀሐፊ ነኝ። ፀሐፊው ካወራ ሌላው ምን ይበል? ግን ሆዴ ውስጥ አላድር አለኝ።

ነገሩ የኮምፒውተር ነው።

ወልቂጤ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ማኅበራችን ያቋቋመው የኮምፒውተር ክፍል አለ። ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ጥቂት ኮምፒውተሮች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሁሉንም የሚያስተዳድር አንድ ትልቅ ማሽን። ሰርቨር ይሉታል። እያንዳንዱ የሰፈር ሰው የራሱ ስምና የይለፍ ቃል አለው። የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥ ስሙን ያስገባል፣ ያስቀመጠው ሁሉ ከሰርቨሩ ይመጣለታል። ጥሩ ነገር አይደለም? ጥሩ ነበር። ለመስቀል የአዲስ አበባዎቹ ልጆቻችን ሲመጡ በደመቀ ሥነ ሥርዓት አስመረቅነው። ከምርቃቱ ወዲህ ግን ተንቀራፈፈ።

ተንቀራፈፈ ስል እንደ ቀላል እንዳታዩት። ስማችሁን ታስገባላችሁ። ያቺ ክብ ነገር መዞር ትጀምራለች። ትዞራለች። ወጥታችሁ ጫማ ታስጠርጋላችሁ። ስትመለሱም ትዞራለች። አንድ አዛውንት ሲጠብቁ እንቅልፍ ወስዷቸው፣ ሲነቁ «ገባሁ እንዴ?» ብለው ጠይቀዋል። አልገቡም ነበር።

መቼም እኛ ዘንድ መግባት ዱሮም ቀላል ነገር አይደለም። አገና ከተማ ሠርግ ተጠርተን የሄድን ጊዜ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በሩ ላይ ተገናኙ። አንዱ ይግቡ ይላሉ። ሌላው ምን ሲደረግ፣ እርስዎ እያሉ ይላሉ። እነሱ ሲገባበዙ ከኋላ ያለነው በዝናብ በሰበስን። ውስጥ ደግሞ የክትፎው ቅቤ ረጋ። ታዲያ «በቃ ግቡ!» ያለ ሰው ነበር? ማን ደፍሮ! ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የኮምፒውተሩን መዘግየት እንደ ጨዋነት ቆጠርኩለት።

ኋላ ሰው ሲያጉረመርም ጉዳዩን የማጣራት ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠ። አጣራሁ። ኔትወርኩን ወቀስኩ። መብራት ኃይልን አማሁ። ኬብሉን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ፤ ያን ጊዜ መብራት ባይጠፋ ኖሮ ዛሬ ይህን የሚያወራችሁ አይኖርም ነበር። ከዚያ ወጣቶቹን ሰብስቤ፣ ቲክቶክ እያያችሁ ማሽኑን ያደከማችሁት እናንተ ናችሁ ብዬ ተቆጣሁ። አንዱ፣ ጋሼ እኛ እኮ መግባት አቅቶናል፣ በምን እናየዋለን አለኝ። ለአፉ ለከት የሌለው! ከስብሰባው አስወጣሁት።

እንዲህ እንዲህ እያልን መምህርት ሐያት መጣች።

ሐያት የምታስተምረው ጉንችሬ ነው። ባሏና ገና ጡት ያስጣለቻት ልጇ ወልቂጤ ናቸው። ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣለች። እሁድ ስትመለስ ልጅቷ ቀሚሷን ጨምድዳ አለቅም ትላለች። ታዲያ የዘንድሮ የመምህራን ዝውውር ማመልከቻ የሚላከው በኦንላይን ብቻ ነው ተባለ። እሷ በመጣችበት በዚያ ዕለት ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ያመለጠው ዓመት ይጠብቃል። ሐያት ደግሞ ሰነዶቿን ሁሉ ስካን አድርጋ ያስቀመጠችው እኛው ሰርቨር ላይ ነው። እኛን ብላ፣ አምናን።

ስሟን አስገባች። ክቧ መዞር ጀመረች።

«ጋሽ ሳህሌ፣ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«አይዞሽ፣ ኔትወርክ ነው» አልኳት። በሙሉ ልብ።

እንደ ዕድል ሆኖ ሊቀመንበራችን ጋሽ ወልዴ በዚያው ቀን በድሩ የሚባል ባለሙያ ከቡታጅራ አስመጥተው ነበር። በድሩ አፉ አያርፍም። «አሰላሙ ዐለይኩም! የታመመው የቱ ነው?» እያለ ገባ። ሁሉም ነው አልነው። «ሁሉም ካነከሰማ መቺው አንድ ነው» ብሎ ሰርቨሩ ፊት ተቀመጠ። ትንሽ ነካካና ሳቀ።

«እዚህ "የጋራ" የሚል ፎልደር አለ። ማንም ሰው ሲገባ ይህ ሁሉ ኮተት በየስሙ ይገለበጥለታል። እሱ ሳያልቅ አያስገባም። ማነው እንዲህ ያደረገው?»

ያደረግነው ሁላችን ነን። ለማኅበሩ የደከመ ሰው ሁሉ የምርቃት ምስሉ ለእያንዳንዱ አባል ይድረስ ተብሎ በስብሰባ ተወስኗል። አንዱ ጋ ደርሶ ሌላው ጋ ቢቀር ቅያሜ ነው። ጋሽ ወልዴ ሪባን ሲቆርጡ አለ። ሐጂ ነስሩ ዱዓ ሲያደርጉ አለ። የአዲስ አበባዎቹ ሲጨፍሩ አለ።

«ይጥፋ» አለ በድሩ። እንደ ቀላል!

የማን ይጥፋ? ማንስ ይቅደም? ዕድሜያችንን ሙሉ ማን ይቅደም እየተባባልን የተኳረፍን ሰዎች፣ ያን ቀን ሁላችንም ትሑት ሆንን። ጋሽ ወልዴ፣ እኔ ከሐጂ ቀድሜ አልጠፋም፣ የሐጂ ይቅደም አሉ። ሐጂ ነስሩ ደግሞ፣ ወላሂ አይሆንም፣ በዕድሜም በሥልጣንም እርስዎ ይበልጡኛል፣ ይጥፉ አሉ። የአዲስ አበባዎቹ ጭፈራ ይውጣ ሲባል፣ ለመስቀል መጥተው ቢፈልጉትስ የሚል ተነሳ። ሐያት የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። እኔ እጄን አውጥቼ፣ ነገሩ ጥናት ስለሚፈልግ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም አልኩ።

ያኔ ነው ሐያት የተነሳችው።

«እሁድ እሁድ የልጄን ጣቶች አንድ በአንድ ከቀሚሴ ላይ የምታላቅቁት እናንተ ናችሁ እንዴ?»

በድሩ እንኳን ቀልዱን ዋጠው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አትጣሉ። ሪባኑ ፎቶ ነው። ዱዓው አጭር ነው። ጭፈራውም ይሁን ግዴለም። ማሽኑን የያዘው አንድ ቪዲዮ ነው» አለ።

«የማን?» አሉ ጋሽ ወልዴ። ፊታቸው ፈካ።

በድሩ ከፈተው። እኔ ነኝ።

የምርቃቱ መርሐ ግብር ላይ «የፀሐፊው አጭር መልእክት» ይል ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለሁት እኔ፣ ቴክኖሎጂ ጊዜያችንን ይቆጥብልናል እያልኩ ነው። በድሩ ወደ ፊት አሳለፈው፤ አሁንም ይቆጥብልናል እላለሁ። እንደገና አሳለፈው። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ከኋላዬ ድንኳኑን ያፈርሳሉ። እኔ እቀጥላለሁ።

«አንድ ብቻም አይደለም» አለ በድሩ። «ይኸው ሌላ። ይኸው ደግሞ።»

እውነቱን ነው። ስጭነው ሲዘገይብኝ ያልገባ መስሎኝ ደገምኩት። ያኔም ቢዘገይ ሠለስኩት።

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ያ ያስወጣሁት ወጣት ትዝ አለኝ። ሐያት ግን ዘወር ብላም አላየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ወግ ያለው ሰው «አጥፋው» ይላል አይደል? እኔ ምን አልኩ? «ሌላ ቦታ ኮፒው ይኖር ይሆን?» ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

በድሩ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጫነ። «እርግጠኛ ነህ ወይ እያለ ነው፣ ጋሼ። ምን ልበለው?»

ሁሉም አየኝ። «አዎ በለው» አልኩ።

ሐያት ወዲያው ገባች። ዐሥራ አንድ ሊል ጥቂት ሲቀረው «ማመልከቻዎ ተልኳል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ፣ አላህ ይስጥልኝ ጋሽ ሳህሌ፣ ንግግርዎን ለእኔ ብለው አጠፉልኝ አለችኝ። ጭራሽ አመሰገነችኝ!

ጋሽ ወልዴም ይህ መሥዋዕትነት ዝም ተብሎ መታለፍ የለበትም አሉ። ዝውውሩ እንደ ጸደቀ ተሰበሰብን። ካባ ለበስኩ። ሐጂ መረቁኝ፣ ሐያት መሰከረችልኝ፣ እኔም አጭር መልእክት አስተላለፍኩ። ሁሉም በቪዲዮ ተቀረጸ። ለእያንዳንዱ አባል ይድረስም ተባለ። የማድረሱ ኃላፊነት የፀሐፊው ነው። አደረስኩ። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጫንኩት፤ በዚህስ ተምሬያለሁ።

ትናንት ሐያት የዝውውር ደብዳቤዋን ልታትም ልጇን አዝላ መጣች። ስሟን አስገባች። ክቧ መዞር ጀመረች።

«ጋሽ ሳህሌ፣ ደግሞ ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ኔትወርክ ነው» አልኳት።

እና አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳትናገሩ። በተለይ ለበድሩ። ቡታጅራ ሩቅ አይደለም።