ባለ ሃያው ቀለምና የራሴ ጉዳይ

ሽበት ሲመጣ ማንንም አያማክርም። አንድ ማለዳ መስታወት ፊት ስትቆሙ፣ ሳይጠሩት እንደመጣ ዘመድ ግንባራችሁ ላይ እግሩን ዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ዕድሜያችሁን አይጠይቅ፣ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ አብቅታችሁ እንደሆነ አይጠይቅ። እሱ ያለ ፈቃድ ገብቶ፣ እናንተ ላስወጣው ስትሉ ግን የእድሩ፣ የጎረቤቱ፣ የንስሐ አባቱና የባል ወንድሙ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። በተለይ ሴት ከሆናችሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ከሆናችሁማ ፀጉራችሁ የእናንተ መሆኑ ይቀርና የሟች ንብረት ይሆናል።

እኔ ሚዛን ተፈሪ ከተማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባለቤቴ የቡና መኪና ሾፌር ነበር፤ ከቴፒ ሲመለስ «ትንሽ አሞኛል» ብሎ እንደተኛ አልተነሣም። ያ ዓመት ሳያልቅ ራሴ ሸበተ። ጊዜው ሲደርስ ጥቁሩን ልብስ አወለቅሁ፤ አገሩም «እሰይ፣ ደግ አደረግሽ» አለ። ሽበቱን ላውልቅ ስል ግን አገሩ ሐሳቡን ለወጠ።

መጀመሪያ የሄድኩት እዚሁ አጠገባችን አማን ወዳለ አንድ ፀጉር ቤት ነበር። ልጅቷ ጥሩ ልጅ ናት፤ ችግሯ ችኮላዋ ነው። ማለስለሻውንና ቀለሙን በአንድ ቀን ደረበችብኝ። ቀለሙን የበጠበጠችው ደግሞ ዴቨሎፐር ከሚሉት ነጭ ክሬም ኃይለኛ በሆነው በባለ አርባው ነበር። «ያቃጥላል» አልኳት። «ሲይዝ ነው ቲቸር፣ ትንሽ ይታገሡ» አለችኝ። ታገሥኩ። እኛ ሴቶች ስንቱን ታግሠን ኖረን ራስ ቅላችን ሲቃጠል መታገሥ ያቅተናል? በማግስቱ የራሴ ቆዳ ቆስሎ፣ ማበጠሪያውን ስሰድ ፀጉሬ በጭብጥ በጭብጥ እየተነቀለ መጣ።

ይታያችሁ፤ ያ ነጭ ክሬም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ «ልጆች፣ ጉልበቱ ሲበረታ ያቃጥላል» ስል የኖርኩት እኔው ነኝ። ሰሌዳው ላይ ሲሆን ኬሚስትሪ፣ ራሴ ላይ ሲሆን ዕጣ ፈንታ መሰለኝ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ልትጠይቀኝ መጣችና ቁስሉን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። «እግዜር ቀጣሽ አልልም» አለች፤ «ግን እሱም አይቶ ዝም አላለም።» ሁሉም ሰው እንግዲህ ትተወዋለች ብሎ ጠበቀ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እኔ ግን ቁስሉ እስኪሽር ብዙ ጊዜ ነበረኝና አሰብኩበት። ጥፋቱ የመቀባቱ ነው ወይስ የተቀባሁት ነገር? ወጥ ያቃጠለች ሴት ምድጃዋን አታፈርስም፤ እሳቱን ትቀንሳለች።

ፀጉሬ ዳግም በደንብ እስኪያድግ ጠብቄ ወደ ሙዲን ሱቅ ሄድኩ። ሙዲን ከሽቶ እስከ ጫማ ቀለም የማይሸጠው የለም። አሞኒያ የሌለበት ቡናማ ቀለምና ባለ ሃያ ዴቨሎፐር ስጠኝ አልኩት።

«ቲቸር፣ ሽበት እልኸኛ ነው» አለኝ። «ባለ አርባውን ይውሰዱ፤ ባንዴ ይገላግልዎታል።»

«እሱ ባለፈው ሊገላግለኝ ነበር። ባለ አርባ ጥቁሩን ፀጉር ወደ ቢጫ ለምታነጣ ሴት ነው። ሽበት ለመሸፈን ሃያው ይበቃኛል።»

«አሞኒያ የሌለው እኮ ቶሎ ይለቃል።»

ይልቀቅ! እኔስ ቶሎ ካልለቀቀ ነገር ምን አተረፍኩ?

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ወግ ባልሆነ ነበር። በዚያው ሰሞን ልጄን ሰናይትን የፈለገ አንድ የቴፒ ልጅ «እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ» ብሎ አስነገረ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ታደሰ ይህን ሰምቶ ከጌጫ መጣ። ሽማግሌዎቹን ተቀብሎ በአባቷ ፈንታ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ደንቡም ይኸው ነው። ገና እንደተቀመጠ ግን ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ካለው የቀለም ካርቶን ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የፀጉር ቀለም ነው፣ ጋሼ።»

ካርቶኑ ላይ ፈገግ ያለችውን ሴት ሰርቃው እንደሄደች ሁሉ በዓይኑ ተቆጣት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ወንድሜ አፈር ከለበሰ ገና ምኑ ሆነና? ለማን ብለሽ ነው?»

ይህን ጥያቄ ከእድሩ ሴቶች ሰምቼዋለሁ፤ ከመምህራን ማረፊያ ሰምቼዋለሁ። እስከዚያ ቀን እየሳቅሁ ነበር ያለፍኩት። ያን ቀን ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

«ለራሴ» አልኩት።

«ለራስሽ ማለት?»

«ሁለቱንም ነው ጋሼ። ለዚህም» አልኩና ጭንቅላቴን ነካሁ፤ «ለዚህም» አልኩና ደረቴን። «ወንድምዎን አልቅሼ ቀብሬዋለሁ። አብሬው ግን አልተቀበርኩም።»

ጋሽ ታደሰ ክፉ ሰው አይደለም። ወንድሙን ይወደው ነበር፤ በእኔ ሽበት ውስጥ ወንድሙ አሁንም የሚለቀስለት መስሎት ይሆናል። ባርኔጣውን አንሥቶ ቆመ። «ይህን ተቀብተሽ ከሽማግሌ ፊት ከተቀመጥሽ እኔ አጠገብሽ አልቀመጥም» አለና ወደ ዘመድ ቤት ሄደ።

በዚያ ሰሞን ያበሳጨኝ እሱ አይደለም፤ ሰናይት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ቀለሙን ልበጠብጥ ስል በር ላይ ቆማ፣ «እማዬ፣ ለነገዋ ቀን ብቻ ሻሽ ብታስሪስ? ጋሼ ካልመጣ ሰዎቹ ምን ይላሉ?» አለችኝ። ያሳደግኳት ልጅ ናት። የምትፈራው ሰዎቹን ነው፣ እኔን አይደለም። ቁጭ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሻሼንም አስቤው ነበር፤ አረንጓዴው የትኛው ሣጥን ውስጥ እንዳለ ሁሉ ትዝ ብሎኛል።

«ሻሽማ አስራለሁ» አልኳት፤ «ሲበርደኝ። ነገ በእኔ ራስ የሚያፍር ቤት ከሆነ የምትገቢበት፣ ከነገ ወዲያ በአንቺ በምን ሊያፍር እንደሚችል አስበሽዋል?»

ቆይታ መጣችና ጓንቱን ከእጄ ተቀብላ አጠለቀችው። «የኋላው ጋ እጅሽ አይደርስም» አለች።

ከሁለት ቀን በፊት ከጆሮዬ ጀርባ ጠብታ ቀብቼ ሞክሬዋለሁ፤ አላሳከከኝም፣ አላበጠም። ግንባሬንና ጆሮዬን ዙሪያውን ቫዝሊን ለቀለቅን። ራሴን አልታጠብኩም፤ የራስ ወዙ ቆዳን ይጠብቃል። ሰናይት ፀጉሬን በመስመር በመስመር እየከፈለች ቀባችው፤ የካርቶኑ መመሪያ ወረቀት ካለው ደቂቃ አንድም ሳናሳልፍ በቧንቧ ውኃ አለቀለቅነው። አላቃጠለኝም። ሲደርቅ መልኩ ከነቅርፊቱ እንደ ደረቀ ቡና፣ እንደ ጀንፈል ሆነ፤ የቡና አገር ሰው ጀንፈል ሲደርቅ ፀሐይ ላይ እንዴት እንደሚያምር ያውቃል። ሰናይት ከበስተኋላዬ መስታወቱ ውስጥ አየችኝና ሳታስበው ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ጭቃ ከጠገበች መኪና ወርደው ገቡ። «ተቀመጡ» ስላቸው፣ እንደ ደንቡ፣ ጉዳያቸው ሳይሰማ እንደማይቀመጡ ነገሩኝ። የሁሉም ታላቅ የሆኑት አዛውንት ግራ ቀኝ አዩ። «የቤቱ ወንድ አልመጣም እንዴ?»

ዓይናቸውን እያየሁ መለስኩ። «አባቷ አርፏል፤ አጎቷ አልመጣም። ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ የምትጠይቁትም እኔን ነው።»

አዛውንቱ ግድግዳው ላይ ያለውን የባለቤቴን ፎቶ አዩ፤ ከዚያ ራሴን አዩ፤ ከዚያ ጫማቸውን አዩ። ይሄኔ እትዬ ዘነበች ማንም ሳይጠራት ነጠላዋን አስተካክላ ገባችና አጠገቤ ዘጭ አለች። «እኔም የልጅቷ ወገን ነኝ» አለች፤ «ጀምሩ እንጂ!»

አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው እርስዎን ነው የምንጠይቅዎ፣ እመቤት» አሉና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጠየቁኝ። መለስኩ። ቀኑ ተቆረጠ፣ እነሱም ተቀመጡ። እትዬ ዘነበች በዚያ መሃል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ቀለሙ ያምራል፤ ንስሐ ግን ግቢ» አለችኝ።

ጋሽ ታደሰ ቴፒ የተደረገው ሰርግ ላይ መጣ። ታርቀን አይደለም፤ የወንድሙ ልጅ ስለሆነች ነው። አጠገቤ አስቀመጡት፤ ዶሮውን በላ፣ ሙሽሮቹን መረቀ፣ ለእኔ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ፎቶው ላይ ሁላችንም ወደ ፊት ስናይ እሱ ብቻ ወደ ራሴ ያያል። ፎቶ አንሺው «አባባ፣ ወደዚህ!» እያለ ለፍቶ ለፍቶ ተወው። በሰርጉ ግርግር መቀባቱን ስለዘለልኩት ሥሩ ነጣ ነጣ ብሎ ነበርና፣ ምናልባት ጋሼ በልቡ «እሰይ፣ ተሸነፈች» ብሎ ይሆናል። ይበል።

እኔ ሚዛን እንደተመለስኩ የቀለም መበጥበጫ ጎድጓዳ ሳህኔን አወጣሁ። ሰናይት ቴፒ ስለቀረች የኋላውን የምትቀባልኝ አሁን እትዬ ዘነበች ናት። እየቀባች ትገሥጸኛለች፤ እየገሠጸች ትቀባኛለች።