የቢቸናው ተገጣጣሚ አዳራሽ

ሰሞኑን የእኅቴ ልጅ ሊሠራው ያሰበውን ቤት በኮምፒውተር አሳየኝ። ገና መሬቱ አልተቆፈረም። እኛ ግን ሳሎኑን ዞርነው፣ ደረጃውን ወጣነው፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየን። ጉድ ነው መቼም። «እንዴት ነው?» ሲለኝ «አፈሩን አየኸው?» አልኩት። ሽማግሌ የሚናገረው ሲያጣ እንዲህ ይላል ብሎ የታዘበኝ ይመስለኛል። አልፈርድበትም፤ እሱ ቢቸናን የት ያውቃል?

እኔ ግን አውቃታለሁ። በደርግ ዘመን፣ ወደ መጨረሻው ገደማ፣ እዚያ በአንድ የግንባታ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የእጅ ጽሕፈቱ ያምራል እባል ነበር። ሌላ ሙያ አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ጥቅል ወረቀት መጣ። የስብሰባ አዳራሽ ፕላን ነው። ሰው አልሳለውም አሉን፤ የሳለው ኮምፒውተር ነው። መስመሩ ፀጉር ያህላል። ከአዳራሹ ፊት ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰውዬ ተስሏል፤ ፊት የለውም። ቢሮው ሁሉ «ይኼ ደግሞ የማን እንግዳ ነው?» ሲባባል ዋለ። የሥራው ኃላፊ «ወዛደር ነው» ብሎ ዘጋው። የዚህን ኃላፊ ስም ልተወው፤ ያኔም ቢሆን «ጓድ» ብቻ ነበር የምንለው።

ከወረቀቱ ኋላ ዕቃው በሁለት ካሚዮን ደረሰ። ግድግዳው ሳይቀር ፋብሪካ ተሠርቶ የመጣ የኮንክሪት ጠፍጣፋ ነው። ብረቱ ተቆርጦ፣ የብሎን ቀዳዳው ተበስቶ አልቋል። የእኛ ድርሻ መሠረት አውጥቶ መግጠም ብቻ ሆነ።

ለዚህ ሥራ ከሞጣ ጋሽ ሁሴን መጡ። ከሞጣ እስከ ግንደወይን እጃቸው ያላረፈበት የድንጋይ ቤት ጥቂት ነው። ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ ግንበኛ ናቸው። ብረቱን አንድ በአንድ እያነሱ ቀዳዳውን ከቀዳዳ አስተያዩ። ዝንፍ የለም። «የቆረጠውን እጅ ይባርከው» አሉ። እጅ አይደለም፣ ማሽን ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ማንን ልመርቅ?» አሉኝ።

እንግዲህ እኒህን ሰው ነው በኋላ የቴክኖሎጂ ጠላት ያሏቸው።

ነገሩ የተበላሸው መሠረቱ ላይ ነው። ፕላኑ አንድ ሜትር ቆፍሩ ይላል። የቢቸና መሬት ደግሞ መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጋሽ ሁሴን ግንቦት ላይ ክንዳቸውን ስንጥቁ ውስጥ እስከ ትከሻቸው ከተው አሳዩኝ።

«ጠጠሩ እስኪገኝ እንቆፍር፤ ቢበዛ ሁለት ሜትር ነው። ይኼን ለአዲስ አበባ ጻፍልኝ። ኮምፒውተሩ ብልህ ነው፤ ግን ቢቸናን አላያትም» አሉ።

ጻፍኩ። ደብዳቤው ከጓድ ጠረጴዛ አላለፈም። ጓድ አዳራሹን ለአብዮት በዓል አደርሳለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። አስጠራኝ።

«ኮምፒውተር ተሳስቷል ያልከው አንተ ነህ?» ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ሁለት ልጆች ነበሩኝ። «እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ጓድ። ጋሽ ሁሴን ያሉትን ነው የጻፍኩት» አልኩ።

ይኸው ነው። ውሸት አለበት? የለበትም። ሰው ለማሳሰር ሁልጊዜ መዋሸት አያስፈልግም።

በማግስቱ፣ ሰኔ መባቻ ላይ፣ ጋሽ ሁሴን ጉድጓዱ ውስጥ ልክ ሲወስዱ መጥተው ወሰዷቸው። የሕዝብን ግንባታ የሚያደናቅፍ፣ የቴክኖሎጂ ጠላት የሆነ አድኃሪ ተባሉ። የግድግዳ ማቅኛ ቱንቢያቸውን ለእኔ አቀበሉኝና ወጡ። እኔም ይዤው ቆምኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

አዳራሹ በዚያው በአንድ ሜትር መሠረት ላይ በክረምት ተገጠመ። መስከረም ላይ ቀይ ጨርቅ ለብሶ ተመረቀ። ጓድ ረጅም ንግግር አደረገ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ እንደሚፈታ የምናውቀው ሁሉ አብረን አጨበጨብን። ኅዳር ላይ በጠፍጣፋዎቹ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ታየ። በጭቃ ደፈንነው። ጥር ላይ እጅ ማስገባት ጀመረ። ጋዜጣ ጠቅጥቀን ቀለም ቀባንበት።

የካቲት፣ በቀትር። ዘበኛው አባ ተሰማ እንደ ልማዳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ዳዊት ይደግማሉ። ጥላው ደግ ነበር። ጠፍጣፋው ወደ ውጭ ወደቀ። ከላያቸው ለማንሳት ሃያ ሰው አስፈለገ፤ እኔም አንዱን ጫፍ ይዤ ነበር። ያየሁትን አልነግራችሁም።

ቀብር ላይ ቆፋሪዎቹ መረሬውን አልፈው ጠጠሩ ጋ ሲደርሱ አቆሙ። የአባ ተሰማ መቃብር ከአዳራሹ መሠረት ይጠልቅ ነበር። ሁላችንም አየን።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮምፒውተሩ እንዳይከሰስ አዲስ አበባ ነው። ጓድ እንዳይከሰስ ሰብሳቢው እሱ ነው። ሦስት ቀን መከሩና ቃለ ጉባኤውን እንድጽፍ ጠሩኝ። «አደጋው ሊደርስ የቻለው ዋናው ግንበኛ ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታቸው በመቅረታቸው ነው» ይላል። የት ሄደው እንደቀሩ አይልም። አሳምሬ ጻፍኩት።

ከሥራ የቀረ ሰው እስር ቤት ቢገኝ ደግሞ ቃለ ጉባኤው ያሳፍራል። ስለዚህ ጋሽ ሁሴን መጋቢት ላይ በጸጥታ ተፈቱ።

ቅጂውን ይዤ ሞጣ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቀኝ ክንዳቸው አይታጠፍም። ወረቀቱን በግራ እጃቸው ተቀብለው ቀስ ብለው አነበቡ።

«ያለ ፈቃድ ነው የሚለው?»

«አዎ፣ ጋሽ ሁሴን።»

«እውነት ነው። ፈቃድ አልጠየቅሁም። ማኅተም አለው?»

«አለው። ጋሽ ሁሴን፣ እኔ ያን ጊዜ ጓድ ሲጠይቀኝ…»

«ተወው። ስንት ቤት አቁሜያለሁ፤ የቆመው ሁሴን ስለነበረ ነው ብሎ የጻፈልኝ የለም። ይኸው መንግሥት፣ የወደቀው ሁሴን ስላልነበረ ነው ብሎ በማኅተም መሰከረልኝ። ከዚህ የበለጠ ምስክር ወረቀት ከየት ይመጣል?»

ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። ከዚያ ወረቀቱን እንደገና ዘርግተው ከላይ እስከ ታች ፈለጉ።

«አባ ተሰማ የቱ ጋ ናቸው?» አሉኝ።

የሉበትም። ጓድ አሳጥረው ብሎኝ ነበር፤ አሳጠርኩት።